ለዶክተሯ ያልተነገረው ቅባት

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። ጠዋት 2፡20

ልጄ ትዕግሥት ሥራ ሄደች። ልጇ ናሆም አጥሚቱን ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ደፋ። ዝናብ። ትናንት ሲፈስ የዋለው አፍንጫው ዛሬ ታፍኗል። በአፉ ነው የሚተነፍሰው። የአሥራ አራት ወር ሕፃን መናፈጥ አይችል፣ ምን ይደረጋል? ደብተሬ፣ መዝገብ ቤት ስሠራ ለሁሉ ጉዳይ ፋይል ነበረኝ። ለዚህ የለኝም።

ካዛንቺስ ብንሆን ከጓሮ ዳማከሴ እቀጥፍ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ትዕግሥት አፍንጫ ውስጥ ጠብ ታደርግ ነበር። ደረቷንም ታሽላት ነበር። ቤቱ ፈረሰ፣ ጓሮውም አብሮ ሄደ። እዚህ ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ጓሮ አለ።

ማክሰኞ 15። ጠዋት 4፡00

ታፍኖ አደረ። ጡጦውን አንዴ ይስባል፣ አየር ሲያጥረው ለቆ ያለቅሳል። አንጀቴን በላው። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ የምቀባው የሜንቶል ቅባት አለ። በጣቴ ጫፍ ወስጄ ደረቱን አሸሁት። ከዚያ፣ ባለቤቴ በዳማከሴው ታደርግ እንደነበረው፣ አፍንጫው ውስጥም። በጣም አለቀሰ። አስነጠሰ፣ ንፍጡ ወጣ። ተከፈተለት። ሽማግሌ ዝም ብሎ አላረጀም።

9፡30፣ ከክሊኒክ መልስ

ከቀባሁት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ለትዕግሥት ደወልኩ። በታክሲ ቂርቆስ ያለው ክሊኒክ ወሰድነው። በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጡት፣ ተሻለው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ጥያቄዋ ብዙ። አባባ፣ የሰጡት ወይም የቀቡት ነገር አለ? አለችኝ። ምንም አልኩ። ቅባት ይሸታል አለች። የራሴ ነው፣ ለደረቴ ነው አልኩ። ግማሹ እውነት ነው። ምናልባት አስም ሊሆን ይችላል፣ ሐሙስ አምጡት ተባለ።

ምንም አልኩ፣ ደብተሬ። ትዕግሥት አጠገቤ ቆማ።

ረቡዕ 16። ጠዋት 3፡00

ትዕግሥት ፈቃድ ወስዳ ቀረች። ልጁ ይጫወታል። መነጽሬን አድርጌ ከቅባቱ ጋር የመጣውን ወረቀት አነበብኩ። ከሁለት ዓመት በታች ክልክል። አፍንጫ፣ አፍ፣ ዓይን ውስጥ፣ ቁስል ላይ ክልክል። ማሞቅ ክልክል፤ እኔ ደግሞ በየክረምቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሬ እታጠናለሁ። ለአዋቂ ደረትና አንገት ላይ ብቻ። ፊርማ ጎደለው እያልኩ የሰው ፋይል ስመልስ የኖርኩ ሰውዬ፣ ይህችን ወረቀት ሳላነብ። አፈርኩ።

ቀን 10፡00

ፋርማሲ ወረድኩ። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩ። ቅዝቃዜው አፍንጫ የተከፈተ ያስመስላል እንጂ አይከፍትም አለችኝ ፋርማሲስቷ። ሕፃን ላይ የአየር ቧንቧው ይቆጣል፣ አክታው ይበዛል። ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የተቀባ እጅ ሳይታጠብ ልጅ አይያዝ። ለሕፃን የጨው ውሃ ጠብታ ከፋርማሲ፣ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት። ጠብታውን ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ትዕግሥት ታለቅሳለች። የታመመው በእኔ ነው፣ ጡት ቶሎ አስጣልኩት፣ በሥራው ምክንያት፣ በቃ ሥራውን ልተወው ይሆን ትላለች። ከዚያ፦ «አባዬ፣ እስቲ ያንን ቅባትህን አምጣው፣ ደረቱን ልሸው።» አልቋል አልኳት። ሁለተኛ ውሸት። ነገ እገዛለሁ አለች።

ሐሙስ 17። 6፡00

ዶክተሯ አዳመጠችው። ደህና ነው፣ ግን የማክሰኞው መነሻ ስላልታወቀ የአስም መድኃኒት ብንጀምርለት ይሻላል ብላ ብዕሯን አነሳች። ይህ ሕፃን በየቀኑ መድኃኒት ሊስብ ነው፣ በእኔ ዝምታ።

«መነሻው ይታወቃል» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ውጦ ነበር ወይ እያለች ጻፈች። መድኃኒቱን ተወችው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት እምቢ ካለ ወዲያው አምጡት አለች። ትዕግሥት አላየችኝም። ደረጃው ላይ ግን፦ «አልቋል አልከኝ አይደል?» ይኼንን ብቻ። ቅባቱን ሳይሆን ይህንን ነው የተቀየመችው።

ዓርብ 18። ጠዋት 1፡40

ለሥራ ጓደኛዋ ስትደውል ሰማሁ። የሕፃናት ማቆያ ታጠያይቃለች። ልክ ናት። ግን ያለ ናሆም ቀኑን ምን አደርገዋለሁ?

2፡30

እስከ ሰኞ ብቻ ብላ ናሆምን ትታልኝ ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ቢታፈንስ? አለች። እንደ ተማሪ ቆሜ መለስኩ። ጠብታው፣ መጥረጉ፣ ማጠጣቱ፣ መደወሉ።

ቀን 7፡10

ዱሮ በቀን አንዴ ነበር የምትደውለው። ዛሬ 3፡00 ደወለች፣ 4፡00 ደወለች፣ 5፡30 ደወለች። ይገባኛል። አራተኛውን ሳትደውል እኔ ቀደምኩ። ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጠረግኩለት፣ ጡጦውን ጨርሷል፣ አሁን ተኝቷል አልኳት። ሲተነፍስ ላሰማሽ ብዬ ስልኩን አፍንጫው ሥር ያዝኩት። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አልዘጋችም።

«አባዬ» አለች፤ «ምሳ በልተሃል?»