የአያ አለሙ ቤትና የእኔ ሐዲድ

እሑድ፣ የካቲት 8

ከካርቶንና ከሽቦ የምሠራው ባቡር ዛሬ ከቢቸና ተነሥቶ ሞጣ ሊደርስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያ አለሙ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሊያይልኝ ገባ። ለአስፋልት የፈረሰውን ቤቱን ጠረጴዛው ላይ ከካርቶን ተሠርቶ ሲያገኘው ፊቱ በራ።

«የደጄን ጌሾ ሳይቀር!» አለ።

ባቡሩን ለቀቅሁት። የቤቱን ግድግዳ ገጭቶ ተገለበጠ። ቤቱን እዚያው ፊቱ ነቅዬ ጣልኩት።

«ምን ላድርግ አያ፣ መስመሩ ላይ ነው።»

የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሆኜ በእውነተኛው ቤቱ በር ላይ ቀይ ምልክት ስቀባም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። «ጌሾዋን እንኳ ተዋት። ያኔም እሷን ትተሃት ነበር» ብሎኝ ወጣ።

ጌሾዋንም ነቀልኳት።

ከዚያ ለካሁ። ሐዲዱን አንድ ጣት ፈቀቅ ባደርገው ቤቱን አይነካውም። አስፋልቱም ትንሽ ፈቀቅ ቢል አይነካውም ነበር። ያንንም ያኔ ለክቼው ነበር።