«አልሐምዱሊላህ» ስላለ የተመለሰው ጉንጭ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ እንደምን ከርማችኋል? እኛ የኮምቦልቻ ጡረተኞች፣ ተመስገን፣ ጥርሳችን እየቀነሰ ምላሳችን እየረዘመ አለን። የጤና ጣቢያውን ስም ያልጻፍኩት ስምዎ በከንቱ እንዳይነሳ ብዬ ነው፤ አንባቢ በሰልፉ ርዝመት ይለየዋል።

የምጽፍልዎ ስለ ጓደኛዬ ስለ ኑርሁሴን ጉንጭ ነው። ከፋብሪካ ጀምሮ አብረን ያረጀን ሰው ነው፤ ጫቱን ሁልጊዜ በግራ ጉንጩ ይወትፋል፣ ትንባሆም አይጠላም። አምና በዚያው ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶ አልድን አለ። «አንተ ቀለሙ፣ የማያም ነገር ምን ይጎረጎራል፤ ሐኪም ዘንድ ከሄድኩማ በሽታ አይታጣልኝም» ቢለኝም፣ የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ እንደማያም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ከርሞ ያልዳነ ቁስል መታየት እንዳለበት በሬዲዮ ሰምቼ ነበርና ጎትቼ አመጣሁልዎ። ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ የካርድ መስኮቷ ልጅ «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለችው። የወሎ ሰው ለመሞት አንድ ሐሙስ ቢቀረው እንኳ ምስጋናውን ያስቀድማል፤ ኑርሁሴንም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለ። «ደህና ከሆኑ ለታመመ ሰው ቦታ ይልቀቁ» ተብሎ ተመለሰ። ፈጣሪን ማመስገን እንደ ምርመራ ውጤት የሚቆጠርበት ጤና ጣቢያ ስላቋቋሙልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፦ በሳምንቱ «ጥርሴን አመመኝ በል» ብዬ መከርኩት፤ ገባ። የጥርስ ባለሙያዎ «የትኛው ነው?» ሲለው፣ ውሸት ያልለመደ ሰው ነውና ደንግጦ ጣቱ ያረፈበትን ጠቆመ። ደህናው መንጋጋ ከነሥሩ ተነቀለ። ስለ ጉንጩ ሊናገር ሲጀምር ጉጠቱ አፉ ውስጥ ነበር፤ ጉጠቱ ሲወጣ ጥጡ ገባ። በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ከንፈሯን ገልጦ ምላሷን ሳያይ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ፍጥነታችሁን ግን አደንቃለሁ።

ሦስተኛውን ረሳሁት፤ እስኪመጣልኝ ወደ ምስጋናው ልለፍ።

ያን ደህና ጥርስ ባትነቅሉለት ኖሮ ደሙ አልቆም አይልም ነበር፤ ደሙ አልቆም ባይል የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ፣ ፒያሳ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ አንደርስም ነበር። እዚያ ሊድያ የምትባል፣ ከልጅ ልጄ የማትበልጥ የጥርስ ሐኪም ደሙን ካቆመች በኋላ «አባባ፣ ከከፈቱልኝ አይቀር ሁሉንም ልየው» አለችው። ጉንጩን በመስታወት ገለጠች፣ ምላሱን ይዛ ግራ ቀኙን አየች፣ አንገቱን ዳበሰች። ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ ያህል እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመረች። ኑርሁሴንም ቀልዱን አቆመ፣ እኔም አቆምኩ።

አዲስ አበባ ተላከ፤ ካንሰር ነው ተባለ፤ ግን ገና ትንሽ፣ ወደ አንገቱ ያልወረደ ነበርና ቆርጠው አወጡለት። ዛሬ ፈገግታው ወደ አንድ በኩል ጠመም ብሏል፤ ጫቱንም ትንባሆውንም ተከልክሏል። እኔን መሳደብ ግን አልከለከሉትም።

ሦስተኛው መጣልኝ፦ እርስዎ ዘንድ ለጥርሱ የሚመጣ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። ሌላው መሥሪያ ቤት የሰው አፍ ለማስከፈት ስንት ስብሰባ ይጠራል፤ ለእናንተ በነጻ ተከፍቷል። ያን የተከፈተ አፍ፣ ያመመውንም ያላመመውንም፣ ዞር ዞር ብሎ ማየት ቢታዘዝልን፣ እንደ ኑርሁሴን ደህና ጥርስ በስህተት የመነቀል ዕድል ያልገጠማቸው ሰዎችም በጊዜ ይተርፉ ነበር።

ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

አክባሪዎ ቀለሙ አግማስ
ጡረተኛ፣ አያት፣ በልጅ ልጆቹ አነጋገር «ነገረኛው»
ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ነዋሪው ችግሩን ሲዘረዝር እርስዎ መድረኩ ላይ ደጋግመው ሲያዛጉ፣ እኔ ፊት ወንበር ተቀምጬ አፍዎን እስከ ጉሮሮዎ አየሁት። በምላስዎ ጠርዝ ነጣ ያለ ነገር አለ። ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ቀልዴን አይደለም። ሳያምዎ ሊድያ ዘንድ ይሂዱ፤ እርስዎ ጋ የሚያይልዎ የለም።