የቀረችኝ አንዲት ዙር

ለክቡር የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ለዘመናት ያልተለየዎት ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

በመጪው ሻምፒዮና፣ በሴቶች አሥር ሺህ ሜትር፣ የመጨረሻውን ዙር ደወል በክብር እንግድነት እንድደውል ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ግብዣው ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን አለቀስሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ስለሚበዛበት ምክንያቱን ረስቶት ከሆነ አልቀየምም፤ እኔው ላስታውስ።

አንደኛ፦ በወጣትነቴ የብሔራዊ ቡድን መምረጫ የነበረውን ውድድር ከሁሉም ርቄ እየመራሁ ሳለሁ፣ ክቡርነትዎ ዘግየት ብለው ወደ ስታዲየሙ ገቡ። የቀሩትን ዙሮች የሚያሳየውን ሰሌዳ የሚገለብጡት ሁለት ዳኞች እጅ ለመንሳት ብድግ አሉ። አንደኛው ቁጥሩን ገልብጦ ነበር የተነሣው፤ ሁለተኛው ግን ጓደኛው ሲያጎነብስ የረሳው መስሎት በድጋሚ ገለበጠው። ለእርስዎ በተሰጠው ክብር አንድ ዙር ከሩጫዬ ጎደለች፤ ደወሉም አንድ ዙር ቀድሞ ተደወለ። ሯጭ ደወል ሲሰማ አያስብም፣ ያለውን ሁሉ ያወጣል። እኔም ያለኝን ሁሉ አውጥቼ መስመሩን አለፍሁና ሁለት እጄን አንሥቼ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ከኋላ ለነበሩት፣ ዙሩን በራሳቸው የቆጠሩት አሠልጣኞቻቸው ቀጥሉ እያሉ ጮኹላቸው፤ የእኔ አሠልጣኝ ሰሌዳውን አምኖ እየጨፈረ ነበር። አንድ ዳኛ መጥቶ ተነሺ፣ አንድ ዙር ይቀርሻል ሲለኝ እግሬ ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ሁለተኛ፦ ይግባኝ ባልሁ ጊዜ ኮሚቴዎ ዙር መቁጠር የሯጯ ኃላፊነት እንደሆነ በትዕግሥት አስረድቶኝ፣ ስሜን ውድድሩን ካቋረጡት ጋር አሰፈረ። ደወሉ ታዲያ ለምን እንደሚደወል አልጠየቅሁም፤ ትልቅ ሰው አይነዘነዝም።

ሦስተኛውን የማነሣው በምስጋና ነው። ማቋረጥ እንደምችል አንዴ ስላረጋገጣችሁ፣ አሯሯጭ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ውድድሮች ላካችሁኝ። የሩጫ ዕድሜዬን ለሌሎች ፍጥነት እያወጣሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ሣሩ ስወጣ ጨረስሁት። አሯሯጭ ሲወጣ የሚያይ የለም፤ የሰው ዓይን ከሚቀጥሉት ጋር ይሄዳል። ጫማዬን የምፈታው መልበሻ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ፣ የሌላ ሰው ጭብጨባ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነበር።

ለአራተኛው ቁጥር መስጠት አልሆነልኝም። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ስወዳደር አይቶኝ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ባልደረባውን ለምኖ፣ ተራ ተለዋውጦ መጣ። እጄን ሳነሣ አየኝ። የሥራ ሰዓቱ ስለደረሰ ወዲያው ወጣ፤ ለተሳፋሪው ሁሉ ልጄ አሸነፈች እያለ ሲነዳ ዋለ። ጋራዥ ሲመለስ ባልደረቦቹ አቋርጣለች ሲባል በሬዲዮ መስማታቸውን ነገሩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የፌዝ ቅጽል ስሙ "አሸናፊው" ሆነ። አልተከራከራቸውም። ቤት ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና፣ "ልጄ፣ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ጨርሰሻል" አለኝ። ስህተቱ የእኛ ነው የሚል አንድ ቃል ከእናንተ ቢወጣ ለጋራዡ ሰዎች ላሰማ ብሎ ጡረታ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ከጡረታም በኋላ ጠበቀ። ባለፈው ክረምት ቀበርነው። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ አልፏል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ደወሉን ለሌላ ሰው እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ የምፈልገው ያቺን የቀረችኝን ዙር ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ ስህተቱ የዳኞቻችሁ እንደነበር በድምፅ ማጉያው ይነገርልኝና መሮጫውን ለአንዲት ዙር ይልቀቁልኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ቀስ ብዬ ነው የምዞረው። በሕይወት ያሉትን የአባቴን ባልደረቦች ጠርቻቸዋለሁ፣ ይመጣሉ። ማጉያችሁ ዝም ቢልም እዞራለሁ። መስመሩ ላይ ስደርስ ግን እጄን አላነሣም፤ ያኔ ሳነሣ ያየልኝ ሰው ዛሬ የለም።

የወንበርዎን ረጅም ዕድሜ ከራሴ አጭር ሩጫ ጋር እያስተያየሁ በአድናቆት አንገቴን የምደፋ፣

በመዝገባችሁ ያቋረጠች፣ በአባቷ ዓይን የጨረሰች ሯጭ

ማስታወሻ፦ በዕለቱም ዘግይተው መግባትዎ የማይቀር ከሆነ፣ ሯጮቹ እስኪጨርሱ ድረስ እባክዎ በሩ ላይ ይታገሡልን፤ ሰሌዳው ዘንድ የሚቀመጡት ዳኞች አሁንም በጣም ጨዋ ናቸው።