ከሚስቴ የደበቅኩት መርዶ

ሰኞ

ዛሬም ዋሸኋት። ስልክሽ ገና አልተሠራም አልኳት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ምንም አልሆነም። ከአገር ቤት አንዱ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንዳይላት ነው የወሰድኩት። ወንድሟ ጌታቸው ጦርነቱ ላይ ሞቷል። ሰናይት አታውቅም። ሰባት ወሯ ነው፣ ደም ግፊትም አለባት። እዚህ ሰው አገር ያቋቋምነው እድር ሽማግሌዎች እስክትወልድ መርዶው አይነገራት ብለው ቆረጡ። እኔም እሺ አልኩ። እነሱ ቆርጠው ወደየቤታቸው ገቡ፤ ከእሷ ጋር የማድረው ግን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ከምሠራበት መጋዘን ቀደም ብዬ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ሙንዮንዮ ሄድኩ። የጌታቸው ጓደኛ እህት ሂሩት እዚያ ሆቴል ትሠራለች። የት እንደተቀበረ ሰምታ ልትነግረኝ ነው የጠራችኝ። ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እጇን ያዝኩ። የሚያይ ሀበሻ መቼ ይጠፋል! በቦዳ ሞተር ተፈናጥጬ ብበርም ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። ያመጡት የጋሽ ተሰማ ባለቤት ናቸው። ጋሽ ተሰማ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው፤ ምስጢሩን ከሚስታቸው እንኳ ጠብቀዋል፤ ጎሽ! ሰናይት እራት አቀረበችልኝ። አብራኝ አልበላችም።

ረቡዕ

ኩርፊያ። ደከመኝ። ጋሽ ተሰማ ጋ ደውዬ አልቻልኩም፣ እንንገራት አልኳቸው። «የአንተ ስም ይጥፋ፤ ልጁ ይበልጣል። ቻለው» አሉኝ። የሚጠፋው የእሳቸው ስም አይደለማ።

ስገባ ከመንገድ ዳር ሮሌክስ፣ ያን በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፣ ገዛሁላት። ቂጣውን ትታ እንቁላሉን ለቅማ በላች። ይህም አንድ ነገር ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ጫማዬን ሳስር ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ሴትየዋ ማን ናት አለች። ማሰሪያውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ስልኬስ የት ነው አለች። ወደ ሁለተኛው ጫማ አጎነበስኩ።

«ሴት ናት በለኝ» አለች። «አልቆጣህም። ሴት ናት በለኝ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ቅናት የለም፤ ፍርሃት ብቻ ነው። አዎ ብል ዛሬን ታልፍ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ። ከሰማሁ ጀምሮ ለጌታቸው አልቅሼ አላውቅም ነበር።

«ጌቾ ነው አይደል?» አለች።

ጩኸቷን ሰምታ ጎረቤታችን ናካቶ ሮጣ መጣች፤ ደግፈን ክሊኒክ ወሰድናት። ልጁ ደህና ነው አሉን። ግፊቷ አልወረደም፤ ነገ ተመለሱ ተባልን። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተውኛል። ይቆጡ።

አሁን ቀኝ እጄን ይዛ ተኝታለች። ይህን የምሞነጫጭረው በግራዬ ነው።