ያልቀየርኩት ቁልፍ

ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትህ? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለህ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና ብሆን ኖሮ ስልክ እደውል ነበር እንጂ ደብዳቤ አልጽፍም። በስልክ ድምፄን ከሰማህ ሁሉን ታወጣጣኛለህ፤ ወረቀት ግን የጻፍኩትን ብቻ ነው የሚነግርህ።

የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነበር። ባለቤትህ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ወጥታ የት እንደምታመሽ ተከትዬ እንዳይ፤ ነገሩ እንደጠረጠርከው ከሆነ ደግሞ መሣሪያዬን ይዤ መጥቼ የቤትህን በር ቁልፍ እንድቀይር። «የያዘችው ቁልፍ እምቢ ሲላት ያኔ ይገባታል» ነው ያልከኝ። ሦስት ጊዜ ቁልፍ ጠፋብኝ ማለቷን እንደ ማስረጃ ቆጥረህ «ለማን ሰጥታው ነው?» ስትል ጥርስህ ሲፋጭ በስልኩ ተሰማኝ። እኔም በእናታችን ምዬ እሺ አልኩህ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ያሳደገኝን ሰው እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

ተከተልኳት። ገበያው በር ላይ ከሰው መሃል ጠፋችብኝ። እመነኝ አልልህም፤ ግን ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ስፈልጋት ስፈልጋት አንድ የመኪና መንዳት ማስተማሪያ ቤት ፎቅ ላይ ወጣሁ። በሩን ስገፋው ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። ግድግዳው ላይ የመንገድ ምልክቶች ተሰቅለዋል፤ ፊት ለፊቴ ያለው «መግባት ክልክል ነው» የሚለው ቀዩ ነው። ምነው ያኔ በሰማሁት! አንድ ሰው ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። የእኔም ችግር ገፍቶ ያመጣኝ መስሎት፣ እጄን ይዞ፣ እንባው እየወረደ እንኳን መጣህ አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ልሰልል ነው የመጣሁት እንዴት ይባላል? ተቀመጥኩ።

መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች ስብሰባ ነው። የሚመራው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ «ፍሬን» ይሉታል። እዚህ የተሰማ ከዚህ ደጅ አይወጣም፣ ማንን እንዳየህም አታወራም ብሎ አስማለኝ። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። እንዳልጋለጥ ብዬ ውሸት ጀመርኩ። ሱቄ ውስጥ ከቁልፍ ሳጥኖቹ ጀርባ ጠርሙስ አስቀምጣለሁ አልኩ። ጠዋት እጄ እየተንቀጠቀጠ የደንበኛ ቁልፍ አበላሽና ማሽኑን እረግማለሁ አልኩ። እኔ ቁልፍ ቀራጩ፣ የገዛ በሬን ቀዳዳ ማግኘት አቅቶኝ ደጄ ላይ ተኝቼ ነግቶብኛል አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከተናገርኩት ውስጥ ውሸቱን ብፈልገው አጣሁት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህንን ነው። እኔ «ትንሽ እቀምሳለሁ» ስል ነው የኖርኩት።

የዚያ ክፍል በር መቀርቀሪያው የተሰበረ ነው፤ ሕፃን ቢገፋው ይከፈታል። ስንቱን የተቆለፈ በር የከፈትኩ ሰውዬ ከዚያ መውጣት አቃተኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ላልሄድ ወስኜ ነበር። እጄ ወደ ሳጥኖቹ ጀርባ ሲሄድ አየሁትና ሄድኩ። አሁንም እሄዳለሁ። ካልሄድኩ እጠጣለሁ፤ ከሄድኩ ለአንተ የማልነግርህን ተሸክሜ እመለሳለሁ። በአንድ በኩል ለአንተ የማልኩት፣ በሌላ በኩል ለእነሱ የማልኩት፣ መሃል ላይ ታንቄያለሁ። ስትደውልልኝ ስልኩ እስኪደክመው ሲጮኽ አየዋለሁ እንጂ አላነሣውም። በጣም ፈርቼሃለሁ።

ስለዚህ ስለ ራሴ ብቻ ልጠይቅህ። ወንድምህ ሰካራም ነው። አፉ እንዳይሸትህ እራት ላይ ራቅ ብሎ የሚቀመጠው፣ ከኪሱ ከረሜላ የማይጠፋው፣ ቁልፉን ደጋግሞ ጥሎ የት እንደጣለው የማያስታውሰው፣ እኔ ነኝ። ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ለሰው ሰጥቶት አይደለም። አምሽቶ የሚገባም ሁሉ ከክፉ ቦታ አይመጣም። እንዲህ ባለ ሰው ላይ በር ትዘጋበታለህ? ቶሎ አትመልስልኝ፤ እደርበት። ስትመልስም መልስህን ለእኔ ብቻ አታድርገው።

መሣሪያዬን ይዤ አልመጣም። ፖስታው ውስጥ ያለው ቁልፍ አንተ ዘንድ ስመጣ እንድገባበት ከሰጠኸኝ የቤትህ ቁልፍ ላይ የቀረጽኩት ነው። እጄ ሳይንቀጠቀጥ የቀረጽኩት የመጀመሪያው ነውና ጥርሱን እይልኝ። ባለቤትህ ሐሙስ ስትገባ በእጅህ ስጣት። የት አመሸሽ አትበላት፤ እራት በልተሻል ወይ በላት። እኔን ልከኸኝ እንደነበር ግን አደራህን፣ እስከ መቃብር አትንገራት። ያ ወንበር የሳበልኝ ሰው በራሴ ፈቃድ የመጣሁ መስሎት በየሳምንቱ ከጎኑ ቦታ ይይዝልኛል።

ፈጣሪ ለወገብህ ብርታት፣ ለልብህ ስፋት ይስጥህ። ከደጅህ ሰው አይጥፋ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

ያሳደግኸው ታናሽ ወንድምህ