ጫማሽ ደጃፍ ላይ ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ሀውራ፤ አዳማ።

እማ፣ አሰላሙ ዓለይኩም! እንዴት ነሽልኝ? ዓይንሽስ? ማሳከኩ ቀነሰልሽ? ዶክተሩ የሸፈነልሽን እስኪያነሣው በእጅሽ እንዳትነካኪው፤ ጠባይሽን አውቃለሁ። ወንድሜ ባድሩስ፣ ሚስቱ ኢንሳፍስ፣ ያቺ ቀበጥ ልጃቸው ነጅዋስ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽና አሁን ከምነግርሽ ነገር በቀር ደኅና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስትሰሚ ስለምታውቂብኝ ነው። ባድሩ፣ አንተም ስታነብላት አንድም ቃል እንዳትዘልል።

ለግሸን በዓል የሚሄዱ ተሳላሚዎች አውቶቡሳቸው እዚሁ ሐይቅ ተበላሽቶ ቢመሽባቸው፣ አንቺ በየዓመቱ እንደምታደርጊው ቤት አስገባኋቸው። ወንድና ሴቱ እንዳይተፋፈር ያንን አረንጓዴ መጋረጃሽን ወጥሬ ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት። ጠዋት ሻይ እየጠጡ ሳለ የቀበሌ ቤት የሚያጣሩት ሰዎች ከች አይሉም መሰለሽ!

የቀበሌ ቤት በስሙ የያዘው ሰው ካልኖረበት ወይም ለሌላ ካከራየው ይነጠቃል ሲባል እንደከረመ ታውቂያለሽ። ሰዎቹ ጓዙን አዩ፣ የተደረደረውን ጫማ አዩ፣ መጋረጃውን አዩ። «ከፋፍለሽ አከራይተሽዋላ!» አለኝ አንዱ። እንግዶች ናቸው ብል ማን ይስማኝ! «ወይዘሮ ሀውራስ?» ሲለኝ፣ ልብስ ልታጥብ ሐይቁ ዳር ወርዳለች አልኩት። ምላሴን ይቁረጠው!

ይኼኔ ከተሳላሚዎቹ አንዷ፣ ማታ ስለ ዓይንሽ ስነግራቸው እንባቸው የመጣው እማማ ለተብርሃን፣ ብድግ ብለው «ኧረ ልጄ፣ አዳማ ለሕክምና ሄዳለች አላልሽኝም? ግሸን ላይ ስሟን አነሣላታለሁ ብዬሽ የለም?» አሉ። የረሳሁት መስሏቸው እኮ ነው! ከአጣሪዎቹ ጋር የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ታረቀኝ አንገታቸውን ደፉ። እንግዶቹ በማይሰሙበት ደጅ ድረስ ተከትዬው የሐኪም ወረቀት አመጣለሁ ብለውም ያኛው ሰውዬ «አሁንማ ማን ያምንሻል? ጥቅምት ሳይገባ ራሷ መጥታ ካልታየች ቤቱ ለተረኛ ይሰጣል» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር በቀዳዳ ሳላይ አልከፍትም። ወሬ የማያመልጣት መስኡዳ ቦኖ ውኃ ላይ ስንገናኝ፣ መንግሥት ኪራይ ለከበደው ሰው ድጋፍ ሊሰጥ ነው፣ ለድሃም ቤት ሊሠራ ነው እያለች ታጽናናኛለች። የገዛ ልጇ ግን አከራይዋ ኪራይ ጨምሮባት ዕቃዋ መስኡዳ ደጅ ተቆልሏል። ድጋፉ እስኪደርስ የት እንቀመጣለን፣ እማ? ትናንት ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው በአጥሩ አሻግሮ ግቢያችንን በዓይኑ ሲለካ አየሁት። ሰላም እንኳ አላለኝ። ተረኛው እሱ ይሆን?

የፍርሃቴን ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። ጠዋት ጠዋት ያንን ቡኒ ጫማሽን ወልውዬ ደጃፍ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ያለሽ እንዲመስለው። መስኡዳ አይታ «ሀውራ መጣች እንዴ?» ስትለኝ አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

እንዲህም ሆኖ እንዳትመጪ። ሐኪሙ በመኪና ከተንገላታች ዓይኗ ይጠፋል ብሏል አይደል? አባባ የሞተበት፣ እኔ የተወለድኩበት ቤት ነው፤ ቢሆንም እንዳትመጪ። ባድሩ፣ ካሳፈርካት አልምርህም። ነገ ጋሽ ታረቀኝን ይዤ ቀበሌ እሄድና መዋሸቴን በራሴ አፍ እናገራለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ።

ባድሩን ሰላም በይልኝ፤ ኢንሳፍ ስለምታስታምምሽ አላህ ይስጥልኝ። ነጅዋን ጉንጯን ሳሚልኝ። መስኡዳ ሰላም ብላሻለች። እማማ ለተብርሃንም ሲመለሱ ጎራ ብለው፣ ግሸን ላይ ስምሽን እንዳነሡልሽ ነገሩኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። የሆነውን አልነገርኳቸውም።

ጫማሽን ግን ዛሬም አላነሣሁትም።

ልጅሽ ዙሌይካ
ሐይቅ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.