ገጽ ሰማንያ አራት

ሰበታ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እማዬን ግን ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል።

የላክኸው ሰው ማክሰኞ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ፣ «አጣሪዎች ሲመጡ፣ ወንድምሽ የዶክትሬት ጥናቱን ከሟቹ ባለቤትሽ ጋር አብረው ነው የሠሩት በይ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም» አለኝ። እሱ እንደሄደ እማዬ ደወለች። «አንድ ወንድም ነው ያለሽ፤ አሥራት እንደሆነ አይመለስ» ብላ አለቀሰች።

አብራችሁ ሠራችሁ? አሥራት አምስት ክረምት ተፍኪ ሜዳ ላይ ጎርፍ ሲለካ፣ እዚያው ገበሬው ኦቦ ቦጂያ ቤት እያደረ ጭቃ ለብሶ ሲመለስ፣ አንተ አንድ ቀን እንኳ ቦት ጫማ አጥልቀህ አታውቅም። ጥናቱን ሳያስረክብ ሲሞት ለቅሶ ቤት መጥተህ «በስሙ ላሳትምለት» አልከኝ። በገዛ እጄ በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁህ። ዓመታት አልፈው ዶክተር ስትባል፣ ከዚያም ስትሾም፣ ምንም ሳላውቅ እልል ብያለሁ።

ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው አጣሪዎች መጡ። ማርያማዊት የምትባል መምህርት ያንተን ጥናት ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ገልጣ አነበበችልኝ፦ «በ2004 ክረምት፣ በባለቤቴ ሕመም ምክንያት የሦስት ሳምንት ልኬት አልተወሰደም።»

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ያገባኸው በ2010 ነው። ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ስትገለብጥ ይቺን መስመር እንኳ አላነበብካትም። ብታነባት ኖሮ እህቴ ያን ክረምት ምን ሆና ነበር ብለህ ትጠይቀኝ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። የምናውቀው እኔና አሥራት ብቻ ነን። ለልጃችን ስም እንኳ አውጥተንላት ነበር።

መምህርቷ «የታመሙት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለእናቴ ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ነገርኩ፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ጨምሬ ፈረምኩ።

በቴሌቪዥን «የጠላት ወሬ ነው» ስትል ሰምቻለሁ። እንግዲህ ጠላትህ እኔ ነኝ። ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንተ አትድከም።

አምላክ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃቸው።

የአሥራት ባለቤት